የበረሃ ምንጭ ሲያንስ፣ ሲደፈርስ፣ ፍጥረቱ ሲጠፋ፦ ችግርና መፍትሄ

ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ ለሚወርድ ሰው አገሩ በሰዓታት ውስጥ በረሃ ይሆናል። ከበረሃው በታች ያለው ውሃ በከፊል ግን የደጋው ነው፤ በደሴ ዙሪያ ተራሮች የዘነበው በተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ሰርጎ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳል። ስለዚህ ቆላ ላይ ምንጭ ሲጎዳ መንስኤው ዓይኑ፣ ማለትም ውሃው ከመሬት የሚወጣበት ቦታ፣ ጋ ላይገኝ ይችላል።

ከምንም በፊት ፍሰቱን ለኩ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ40 ሰከንድ ከሞላ ፍሰቱ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ነው፤ በ80 ከሞላ ሩብ ሊትር። ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን መዝግቡ። በየወሩ ይሁን፤ የግንቦት መጨረሻው፣ ክረምት ሳይገባ የሚወሰደው፣ ፈጽሞ እንዳይታለፍ።

ምልክት፦ ውሃው ቀንሷል

ቀን አንሶ ሌሊት የሚያገግም ከሆነ ብዙ ጊዜ ጠጪው ዛፍ ነው፤ ደጋ ላይ ባሕር ዛፍ፣ አፋር ላይ ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ እሾሃማ ዛፍ። ፕሮሶፒስ ከጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ ሥሩን ቁረጡ። ፍሬውን የበሉ ከብቶች ዘሩን በእበታቸው ይዘሩታልና ወደ ምንጩ አታስጠጓቸው።

በአቅራቢያው ፓምፕ ካለ ለ48 ሰዓት አስጠፍታችሁ በየ3 ሰዓቱ ለኩ። ውሃው ከተመለሰ መንስኤው ታውቋል። ካልተመለሰ ግን ፓምፑን ነጻ ለማውጣት አትቸኩሉ፤ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚመጣ ጉዳት ምንጩ ላይ ለመታየት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጅበታል። በአሜሪካ ኔቫዳ በረሃ ዴቪልስ ሆል በሚባል የውሃ ዋሻ ውስጥ ሌላ የትም የማይገኝ ትንሽ ዓሣ አለ። ኪሎ ሜትሮች ርቀው የተቆፈሩ የመስኖ ጉድጓዶች ውሃውን ዝቅ ሲያደርጉት ዓሣው እንቁላል የሚጥልበት ድንጋይ ከውሃ በላይ መውጣት ጀመረ፤ በ1976 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፓምፑ ሥራ እንዲገደብ ወሰነ። እዚህም የሚሠራው ይኸው ነው፦ ኩሬው ውስጥ በሴንቲ ሜትር የተከፈለ ዘንግ ትከሉ፤ ውሃው ከተወሰነ መስመር ሲወርድ ፓምፑ እንዲቆም ከተጠቃሚዎቹ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ።

አንድ ነገር አደራ፦ ውሃ አነሰ ብላችሁ ዓይኑን በዶማ አታስፉ። ከሥር የያዘው የሸክላ ንጣፍ ከተሰበረ ውሃው ጨርሶ ሊሰርግ ይችላል።

ምልክት፦ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይደፈርሳል

ጎርፍ እየገባ ነው። ከዓይኑ 8 ሜትር ያህል ወደ ላይ ቦይ ቆፍራችሁ ጎርፉን ወደ ጎን አስቀይሱ።

ምልክት፦ ውሃው አለ፣ እንቁራሪቱ፣ ቀንድ አውጣውና ዓሣው የሉም

ብዙ ጊዜ ምንጭ ሲጎለብት የሚመጣ ጥፋት ነው፤ ዓይኑ በስሚንቶ ይታሸግና ውሃው በሙሉ ወደ ቧንቧ ይገባል። ቢያንስ ትርፉ በቀድሞ መውረጃው እንዲፈስ መፍሰሻ ክፈቱለት። የከብት ገንዳውንና የልብስ ማጠቢያውን ከ20 እስከ 30 ሜትር ወደ ታች አውርዱ።

ሁለተኛው ጥፋት የመጤ ዓሣ ነው። የወባ ትንኝ እጭ ይበላል ተብሎ የሚለቀቀው ጋምቡሲያ የነባሩን ዓሣ ጫጩትም ይበላል። ፍልውሃ በሚገባበት በአፋሩ አፍዴራ ሐይቅ በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉ የዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ቆሮሶም ቢሆን መጨመር የለበትም። ከሌላ ምንጭ ዓሣ አምጥቶ የጠፋውን መተካትም በሽታ ያጋባል፣ ዘርም ያደባልቃል።

ምንጩን ስታጥሩ ደግሞ ከብት ይግጠው የነበረው ደንገልና ሸምበቆ ኩሬውን ሊደፍነው ይችላል። በዓመት አንድ ሦስተኛውን ብቻ በማጭድ እጨዱ፤ ያጨዳችሁትን እንቁራሪቶቹ ከውስጡ እንዲወጡ አንድ ቀን ዳር ላይ አሳድሩትና ከዚያ አንሱት።