ደጅ የተገጠመ የሙቅ ውሃ ቧንቧ፦ ችግርና መፍትሄ

የገላ መታጠቢያው ውሃ ለብ ብሎ ቀረ፣ የቀዝቃዛው መክፈቻም ሙቅ ውሃ ይሰጣል

ማሞቂያውን ለመፈታታት አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ ደጅ ይውጡ። ሙቅና ቀዝቃዛ በሚያደባልቀው ቧንቧ ላይ ሁለቱም መክፈቻዎች ክፍት ሆነው ውሃው የቆመው በጎማው ጫፍ ባለው መርጫ ብቻ ከሆነ፣ ሁለቱ መስመሮች እዚያ ተገናኝተዋል። መውጫ ያጣ ውሃ ግፊት ወደቀነሰበት ይሄዳል። ቤት ውስጥ ሙቁ ሲከፈት ቀዝቃዛው በደጁ ቧንቧ ዞሮ ይቀላቀለዋል፤ ቀዝቃዛው ሲከፈት ደግሞ ሙቁ።

ለማረጋገጥ ቤት ያለ ሰው ቀዝቃዛውን እንዲከፍት ያድርጉና ደጅ ካለው ማደባለቂያ ጀርባ የቀዝቃዛውን መስመር በጣትዎ ጫፍ ነካ ያድርጉ። ቀስ በቀስ ከሞቀ መንስኤው ተገኝቷል።

ለጊዜው ሁለቱንም መክፈቻዎች መዝጋት ይበቃል። ዘላቂው መፍትሄ ግን በሁለቱም መስመሮች ላይ፣ ከማደባለቂያው በፊት፣ ቼክ ቫልቭ (ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) መግጠም ነው። ላዩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ደጁ ቧንቧ ያመልክት። አንዱን ብቻ መግጠም ግማሽ ሥራ ነው፤ በሌላው በኩል ማለፉ አይቀርም። ከሥራው በፊት ዋናውን ውሃ ይዝጉ፣ የማሞቂያውንም ኤሌክትሪክ ያጥፉ። ጋኑ ዳግም ሳይሞላ ኤሌክትሪኩ ከተለቀቀ ማሞቂያው ይቃጠላል። ሙቁን መክፈቻ ከፍተው አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪፈስ ይጠብቁ።

ሙቁ ውሃ ይዘገያል

ርቀት ነው። የውስጥ ስፋቱ 15 ሚሊ ሜትር የሆነ ቧንቧ 15 ሜትር ከረዘመ ከ2.6 ሊትር በላይ የቀዘቀዘ ውሃ ይዟል፤ ያ ሳይወጣ ሙቁ አይደርስም። መስመሩን ለማሞቂያው ከሚቀርበው ቦታ ይቅጠሉ። ቧንቧውን በሙቀት መከላከያ መሸፈን የሚጠቅመው በተደጋጋሚ ለሚከፈት ቧንቧ ነው፤ ሌሊቱን ያደረ ውሃ መቀዝቀዙ አይቀርም።

ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ ጎማው ይለሰልሳል

ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ ጎሚኒ ሙቀት ያደርቀዋል፤ ሙቀት በሚችል ይቀይሩት። ተራው የላስቲክ ጎማም በሙቅ ውሃ ተለጥጦ ሊፈነዳ ስለሚችል ለሙቅ ውሃ የተሠራውን ይጠቀሙ።

ውሃው ያቃጥላል

ይህን ለነገ አያሳድሩት። 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ውሃ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ያደርሳል፤ የልጅ ቆዳ ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ይጎዳል። ሙቀቱን በራሱ የሚመጥን ማደባለቂያ ቫልቭ ያስገጥሙ፤ እስኪገጠም ድረስ የሙቁን መክፈቻ እጀታ ነቅለው ያስቀምጡ።