ልጃገረዶችን ለበጎ ፈቃድ ስትጠሩ አስቀድማችሁ እናታቸውን አነጋግሩ

በጎጃም ገጠርና ትናንሽ ከተሞች የምታድግ ልጃገረድ ሥራ ፈትታ አታውቅም። ጎህ ሳይቀድ ውኃ ትቀዳለች፤ ቤት ትጠርጋለች፤ ታናሽ ወንድሟን አዝላ ቁርስ ታቀራርባለች፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደግሞ ምጣድ ይጠብቃታል። «ልጃገረዶች ኅብረተሰባቸውን እንዲያገለግሉ እናበረታታ» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ አፌ ላይ የሚደርሰው «እስከ ዛሬስ ማንን ሲያገለግሉ ኖሩ?» የሚል ጥያቄ ነው። ደቦ እንኳ ሲወጣ የሚመሰገነው አጫጁ ነው። እንጀራውን የጋገረችው፣ ጠላውን ተሸክማ እርሻ ድረስ የወረደችው ልጅ ከደቦተኛ አትቆጠርም።

ደምበጫ ውስጥ ረጅም ዘመን አንደኛ ደረጃ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈሬን ልጃገረዶች እሑድ ከሰዓት በኋላ በግቢዬ እሰበስባለሁ። ከ11 እስከ 16 ዓመት ያሉ ናቸው። ይህን የምጽፈው አስተማሪ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም የዕድር ሰብሳቢ ሆናችሁ እንዲህ ያለ ቡድን ማቋቋም ለምትፈልጉ ነው። በጎ ፈቃድ በቤት ሥራዋ ላይ የሚጫን ሌላ ሸክም ከሆነ ለልጅቷ ይቅርባት። ራሷ መርጣ የገባችበት፣ ስሟም የሚጠራበት ሥራ ከሆነ ግን ክፍል ውስጥ ዓመት ሙሉ ካስተማርኳት ይልቅ ሲያጠነክራት አይቻለሁ።

እናቷን ማነጋገር የመጀመሪያው ሥራ ነው። አባትም ይፈቅዳል፣ ይከለክላል፤ የልጅቷን ሰዓት በእጇ የያዘችው ግን እናት ናት። ደብዳቤ አትጻፉ፤ መልእክቱንም ለልጅቷ አታሸክሙ። ቤታቸው ሂዱ፤ ቡና ከተፈላ ቶናው እስኪደርስ ስለ ዝናቡና ስለ በርበሬው ተጫወቱ። ወደ ጉዳዩ ስትገቡ «ልጅሽን ፍቀጂልኝ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ እናት እንዲህ ስትባል ከእጇ የሚወሰድባት ነገር ነው የሚታያት። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ «እታለም፣ እሑድ ለአንድ ሰዓት ተኩል ብወስዳት የትኛው ሥራ ነው የሚጎድልብሽ?»

መልሱ ሁልጊዜ የተቆረጠ ነው። «ውኃው» ትላለች፤ አለዚያም «ሕፃኑን የሚይዝልኝ የለም» ትላለች። ውኃው ከሆነ ወንድሟ ይቅዳ፤ እርሱም እጅ አለው፤ ይህንን እኔው ራሴ ለአባትየው እነግረዋለሁ። ሕፃኑ ከሆነ አዝላው ትምጣ፤ ግቢዬ ውስጥ ጀንዲ አንጥፌ አስቀምጠዋለሁ። ሕፃን ይዛ የመጣችን ልጅ የሚመልስ ቡድን ይበልጥ የሚያስፈልጉትን ልጆች ነው በር ላይ የሚያስቀረው።

ቀን ስትመርጡ የአገሩን የሥራ ወቅት ተመልከቱ። በርበሬ በሚለቀምበት፣ ጤፍ በሚታጨድበት ሰሞን ስብሰባ መጥራት ልጅቷን ከቤተሰቧ ጋር ማጣላት ነው። በወር በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ27 የመድኃኔዓለም ዕለት በሬ ስለማይጠመድ እነዚህ ቀናት ለማንበብ፣ ሕመምተኛ ለመጠየቅ፣ ሕፃናትን ፊደል ለማስቆጠር ይመቻሉ። አካፋና ዶማ የሚያስነሣ ሥራ ግን አትሞክሩ። አንዲት ልጅ በማርያም ዕለት ጉድጓድ ስትቆፍር ከታየች ቡድናችሁ በዚያው ዕለት አበቃለት። ሙስሊም ልጆች ካሉባችሁ የጁምዓውንና የረመዳኑን ሰዓት ከእነርሱው ጠይቁ።

የመጀመሪያውን ሥራ እናንተ አትምረጡ። ትልልቅ ሰዎች ስንመርጥ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ጽዳት ይሆናል፤ ለልጃገረድ መጥረጊያ መስጠት ደግሞ ምን አዲስ ነገር አለው? ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሰፈሩን ይዙሩና ያዩትን ይናገሩ። የእኔዎቹ አንዲት እማሆይ የመድኃኒት ከረጢት ይዘው «ይህ የጧቱ ነው የማታው?» እያሉ አላፊ አግዳሚውን ሲጠይቁ አይተው መጡ። እኔ በዚያ መንገድ ስመላለስ ኖሬ አላየኋቸውም ነበር። ልጆቹ ፋርማሲስቱ በጻፈው መሠረት በጧቱ ከረጢት ላይ ፀሐይ፣ በማታው ላይ ጨረቃ ሣሉላቸው። እዚህ ላይ ድንበሩን አስምሩ፦ ልጆቹ የተጻፈውን ያነብባሉ እንጂ «ይህን ይዋጡ፣ ያንን ይተዉ» አይሉም። ጽሑፉ ካልተነበበ ከረጢቱ ወደ ጤና ጣቢያው ይመለሳል።

ለታዳጊ ልጅ የሚመጥን፣ ጥቅሙም ቶሎ የሚገባት ሥራ የቱ ነው ብትሉኝ የዓይን ማዝን (ትራኮማን) መከላከል አስቀድማለሁ። ትራኮማ የክልላችን የቆየ መከራ ነው። ከዓይንና ከአፍንጫ በሚወጣ ፈሳሽ፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። በልጅነት እየተመላለሰ ከያዘ የዓይን ቆብ ከውስጥ በኩል ይጠባሳል፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። ወረንጦ በክር አድርገው በአንገታቸው ያንጠለጠሉ እናቶችን አይታችሁ ይሆናል፤ የታጠፈውን ሽፋሽፍት የሚነቅሉበት ነው። በሽታው ከወንድ ይልቅ በሴት ላይ የሚበረታው ከሕፃናት ጋር የምትውለው እርሷ ስለሆነች ነው። ወንድሟን ያዘለች ልጅ ስታዩ እጇን ተከታተሉ፤ በነጠላዋ ጫፍ የልጁን ዓይን ትጠርጋለች፣ ጥቂት ቆይታ በዚያችው ጫፍ የራሷን ፊት ትጠርጋለች። ይህንን አንድ ጊዜ ያስተዋለች ልጅ የእኔ ስብከት አያስፈልጋትም።

ለዚህ የሚሆነው ሥራ በየቤቱ ደጃፍ የእጅና የፊት መታጠቢያ ማቆም ነው። አምስት ሊትር የሚይዝ ጀሪካን፣ ሁለት ባላ፣ አንድ አግዳሚ እንጨት፣ ሲባጎና ምስማር ይበቃል። ምስማሩን በፍም አግሉና ከክዳኑ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ፣ ከመያዣው ትይዩ ባለው ጎን፣ አንድ ቀዳዳ ብቻ ብሱ። ቀዳዳው ከሰፋ ውኃው ባንድ ጊዜ ያልቃል፤ ስለዚህ በቀጭን ምስማር ጀምሩ። ባላዎቹን ትከሉ፤ አግዳሚውን በጀሪካኑ መያዣ ውስጥ አሳልፋችሁ በባላዎቹ ላይ አጋድሙት። ከዚያ በጀሪካኑ አንገት ላይ ሲባጎ እሰሩና ሌላውን ጫፍ መሬት ላይ ከተጋደመ ቀጭን እንጨት ጋር አያይዙ። እንጨቱ በእግር ሲረገጥ ጀሪካኑ አንገቱን ይደፋል፣ ውኃውም ይወርዳል፤ እግር ሲነሣ ይመለሳል። ውኃው ከቀዳዳው በታች እንዲሆን ሙሉት። ሳሙና በክር አንጠልጥሉ፤ ሳሙና ከሌለ ለእጅ አመድ ይሆናል፣ ለፊት ግን ንጹሕ ውኃ ብቻ። የመርገጫውን እንጨት ርዝመት በቤቱ ትንሽ ልጅ እግር ለኩት። በእኛ ሰፈር ሲባጎው ካጠረ ሕፃኑ ሊረግጠው ሲል ጀሪካኑ ተገልብጦ ያጠምቀዋል፤ እርሱም በሚቀጥለው ቀን ደስ ብሎት ይመጣል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ መታጠቢያውን የሠራችው ልጅ በሳምንቱ ተመልሳ ትየው። ጀሪካኑ ደርቆ ካገኘችው የምትጠይቀው «ለምን አልሞላችሁም?» ብላ ሳይሆን «ውኃ ማን ይቀዳል?» ብላ ነው። መልሱ እንደ እርሷ ያለች ሌላ ልጅ እንደሆነ ስትሰማ የምታስበው ነገር ይለወጣል።

ፊደል ማስቆጠርም ለልጃገረዶች የሚሆን ሥራ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ተማሪ ነበርኩ፤ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴቶችን እርሳስ አስይዣለሁ። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ፣ በዩኔስኮም የተሸለመ ትልቅ ሥራ ነበር። ሆኖም ግዳጅ ነበረበት፤ የቀረ ሰው ስሙ ይያዝ ነበር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በትእዛዝ የመጡት ብዙዎቹ ትእዛዙ ሲላላ እርሳሱን ጣሉት። ማንበቡ የጸናላቸው ማንበብ የሚፈልጉት ነገር የነበራቸው ናቸው፤ አንዷ ልጇ ከወታደር ቤት የሚልክላትን ደብዳቤ ለሌላ ሰው ሳታሳይ ማንበብ ትፈልግ ነበር። ስለዚህ በቡድኔ የቀረ አይቀጣም።

በቅርብ ዓመታት በግጭቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በቆዩበት አገር ስምንት ዓመት የሞላቸው፣ «ሀ»ን የማይለዩ ልጆች አሉ። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ለሁለት ወይም ለሦስት ሕፃናት ትበቃለች፤ ክፍል አታድርጉት። ከሠላሳ ሦስቱ ፊደላት አስቀድማ የልጁን ስም ፊደላት ታሳየው። ስሙን በከሰል ግድግዳ ላይ የጻፈ ልጅ በማግሥቱ የእናቱን ስም ይጠይቃል። ግድግዳው የማን እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ደኅንነትን በሚመለከት ለድርድር የማልቀመጥባቸው ነገሮች አሉ። አንዲት ልጅ ብቻዋን የማንም ቤት አትገባም፤ ሁልጊዜ ሁለት ሆነው ነው፣ የት እንዳሉም ሁለቱም እናቶች ያውቃሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤታቸው ይገባሉ። መንገዱ ሰላም ያልሆነ ዕለት ስብሰባ የለም፤ ማንም ምክንያት አይጠየቅም። ወንድ በጎ ፈቃደኛ፣ ባለሥልጣንም ይሁን ዲያቆን፣ ልጅቷን ለብቻዋ «ነይ ላግዝሽ» አይላትም። የምትሰበሰቡበት ቦታ በሩ የሚዘጋ መጸዳጃ ቤት ከሌለው ቦታ ቀይሩ፤ የወር አበባ የጀመረች ልጅ ምክንያቱን ሳትነግራችሁ ትቀራለች። ጥቂት ንጹሕ ጨርቅና ሳሙና በአንድ ሣጥን አስቀምጡና የት እንዳለ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ።

ያለ ዕድሜ ጋብቻ ከሁሉም የከበደው ነው። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ደንግጓል። ይህንን ልጆቹ ማወቅ አለባቸው። ወሬውንም ከእኛ ቀድመው የሚሰሙት እነርሱ ናቸው፤ በዓል ሳይኖር ጌሾ ሲወቀጥ፣ ሽማግሌ ሲመላለስ፣ ጓደኛቸው ዝም ስትል ያዩታል። ይሁን እንጂ «ጠቁሙ» እያሉ ልጃገረዶችን በሰው ደጅ ማቆም እኔ አልወደውም። በጎጃም የጠቆመች ልጅ ስም በሦስት ቀን ውስጥ ገበያ ይወጣል፤ የምትኖረውም ከዚያው ሕዝብ መካከል ነው። የእነርሱ ድርሻ ለአንድ ለሚያምኑት ትልቅ ሰው መንገር ነው። ወደ ርእሰ መምህሩ፣ ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትና ወደ ፖሊስ የሚሄደው ያ ትልቅ ሰው ነው፤ የነገረችውን ልጅ ስም በወረቀትም ሆነ በቃል አያነሣም። ይህንን መሸከም የማትችሉ ከሆነ ቡድን አታቋቁሙ።

ችግኝ መትከል ቀላሉ ነው፤ ሐምሌ ላይ ሁሉም ይተክላል። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ከብት ሲለቀቅ ግን ያልታጠረ ችግኝ አይተርፍም። አንዲት ልጅ እስከ ግንቦት ውኃ ልታጠጣና በእሾህ ልታጥር ከምትችለው በላይ አታስተክሏት፤ ለአንዳንዷ ይህ ሁለት ችግኝ ነው።

ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚመጡ ሰዎች ይኖራሉ። ቲሸርት ያመጣሉ፤ ልጆቹን በረድፍ ያቆማሉ፤ ንግግር ያደርጋሉ፤ ይሄዳሉ። ቲሸርቱን ተቀበሉ፣ ጨርቁ ይጠቅማል። ንግግሩን ግን ልጆቹ ያድርጉት። ዓይን አፋር የሆነችውን በግድ ሕዝብ ፊት አታቁሟት፤ መዝገቡን እርሷ ትያዝ። መዝገቡ ተራ ደብተር ነው፤ ቀኑ፣ የተሠራው ሥራና የሠራችው ልጅ ሙሉ ስም ከነአባቷ ይጻፍበታል። ሰብሳቢነቱ በየወሩ ይዙር፤ ገንዘብ ካለ ሁለት ልጆች አብረው ይቁጠሩት። ትልቅ ሰው ሆኖ ዝም ብሎ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የምታውቁት የዚያን ጊዜ ነው። እኔ እጄን ሥራ ለማስያዝ ጥጥ እፈትላለሁ።

ስምንተኛ ክፍል ያለፉት ከገጠር ወደ ከተማ መጥተው ቤት ተከራይተው ይማራሉ፤ ብዙዎቹን የምታጧቸው በዚህ ጊዜ ነው። ከመሄዷ በፊት ደብተሩን ለምትከተላት ልጅ ታስረክብ፤ ነሐሴ ላይ ለሁለት ሆነው ይሥሩ። ከተማ ስትደርስ በትምህርት ቤቱ የቀይ መስቀል ወይም የሥርዓተ ጾታ ክበብ ካለ የክበቡን ተጠሪ መምህር ስም አፈላልጋችሁ ስጧት። እናንተ ከተማ ያላችሁ ደግሞ ለተከራይ ልጆች ስብሰባ ቅዳሜና እሑድ አትጥሩ፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስንቅ ሊያመጡ ወደ አገራቸው ይሄዳሉ፣ እሑድ ማታ ዱቄት ተሸክመው ነው የሚመለሱት። ረቡዕ ከትምህርት በኋላ አድርጉት፤ ቆሎም አቅርቡ፣ ምሳ ሳይበሉ የሚመጡ አሉና።