ትልቅ ሞዴል ጄት በጎጃም ደጋ፦ የመጀመሪያ በረራ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ከሞዴል ጄቱ፣ ማለትም ከመሬት በሬዲዮ ከሚበረው ትንሽ አውሮፕላን፣ ጋር የሚመጣው መመሪያ የሳሳ አየር አያውቅም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሞቅ ባለ ቀን አየሯ በባሕር ጠለል ካለው አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። እናም ሞተሩንም እጃችሁንም ከመውቀሳችሁ በፊት አየሩን ጠርጥሩ።

ይንደረደራል እንጂ አይነሳም

ክንፉ እዚህ ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ቱርባይኑ፣ ማለትም የጄቱ ሞተር፣ ደግሞ ጉልበቱ ቀንሷል። በማለዳ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛችሁ ሞክሩ። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ጤፍ የሚያዘራ ገበሬ የሚያደርገውን አድርጉ፤ አንድ እፍኝ እብቅ ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁ። አሁንም ካልተነሳ ጄቱን ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ ከጎኑ ተመልከቱት። አፍንጫው ወደ መሬት ካዘነበለ ክንፉ ራሱን ቁልቁል እየተጫነ ነው የሚሮጠው፤ የፊተኛውን እግር በጥቂቱ ማስረዘም ይበቃል። ሚዛኑም ወደ ፊት አድልቶ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው የነዳጅ ታንክ ባዶ ሆኖ እንደገና ይመዘን።

ሞተሩ ሲነሳ ከኋላው እሳት ይተፋል

ወይ ነዳጅ በዝቶበታል፣ ወይ ነፋስ በጭስ መውጫው እየገባ ነው። አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሩ። ሳይነድ የተጠራቀመ ነጭ ጋዝ ካለ አፍንጫውን ሽቅብ ይዛችሁ በኋላው አንጠፍጥፉት፤ ይህን ሳታደርጉ ደግማችሁ አታስነሱ። ከተደጋገመ በመቆጣጠሪያ ኮምፒውተሩ ላይ የማስነሻውን ነዳጅ ቀንሱ። ማጥፊያው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሁን፤ ዱቄቱ እሳቱን ቢያጠፋም ሞተሩን ያበላሸዋል።

አየር ላይ ሞተሩ ጸጥ ይላል

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ነዳጁ ውስጥ የገባ የአየር አረፋ ነው። መሬት ላይ ሞተሩን እያሠራችሁ ግልጹን የነዳጅ ቱቦ ትኩር ብላችሁ እዩ፤ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህል አረፋ እየተከታተለ ካለፈ ከታንኩ እስከ ፓምፑ ያለው መጋጠሚያ አንዱ ላልቷል፣ ወይም ማጣሪያው ተዘግቷል። በመኸር ወራት ደግሞ ከአውድማ ራቁ፤ እብቁ ለነፋስ መለያ ጥሩ ነው፣ ለቱርባይን ግን አይሆንም።

ለማረፍ ሲቃረብ አንዱ ክንፍ ወድቆ ይገለበጣል

የእኔን የመጀመሪያ ጄት የበላው ይህ ነው። የታጨደ የጤፍ ማሳ ላይ ክንፉን ለብቻው፣ ጅራቱን ለብቻው ለቀምኩ፤ ከብት ጠባቂዎቹ ልጆች ጎማዎቹን አመጡልኝ። ጥፋቱ የዓይኔ ነበር። በሳሳ አየር ጄቱ ሳይወድቅ ለመቆየት ከ15 ከመቶ በላይ ተጨማሪ ፍጥነት ሊያስፈልገው ይችላል፤ ከመሬት ሆኖ ለሚያየው ግን «ፈጠነ» ያሰኛል። እኔም ፈጠነ ብዬ ጋዙን፣ ማለትም ለሞተሩ የሚሰጠውን ነዳጅ፣ ቀነስኩ።

መፍትሄው ልክን ከፍታ ላይ ማወቅ ነው። እግሩንና ፍላፑን (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚታጠፈውን ክፍል) አውርዳችሁ፣ ክንፉ መዋዠቅ እስኪጀምር ቀስ በቀስ ጋዙን ቀንሱ፤ ያን ጊዜ የጋዙ መቆጣጠሪያ ዘንግ የት እንደነበር ልብ በሉ። ስታሳርፉ ከዚያ በላይ ቆዩ። ቱርባይን ጋዝ ሲሰጡት እንደ ኤሌክትሪክ ሞተር ወዲያው አይነቃም፤ ጥቂት ሰከንድ ይወስድበታል። ስለዚህ ወደ ሜዳው ሲቃረብ ጋዙን ጨርሳችሁ አትዝጉ፤ ጎማው መሬት ሊነካ ሲል ብቻ ዝጉት።