ነጭ ነጠላ፣ ጠይም ፊት፦ ካሜራ ለጀመራችሁ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ካሜራ የገዙ ልጆች ስቱዲዮዬ ብቅ ሲሉ ቅሬታቸው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። «ነጠላው አመድማ ሆነብኝ፣ ፊቷም ጠቆረ። ካሜራው ተበላሽቶ ይሆን እንዴ?»

ካሜራው ደህና ነው። ግን ነጩን ነጭ፣ ጥቁሩን ጥቁር ብሎ አያውቅም። ያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ላይ ለማሳረፍ ነው የተሠራው። ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ ይመስለውና ያጨልማል። ጥቁር ሲበዛበት ያነጣል። እሑድ ጠዋት ከሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ሕዝብ ደግሞ ነጭ በነጭ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የማሳያቸው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ነው። ነጭ ከበዛ ወደ መደመር አንድ ሙሉ ደረጃ (+1) ሂዱ። የጣርማ በር ጉም ላይም እንደዚያው፤ አለዚያ ጉሙ ይጠቁርባችኋል። ጥቁር በርኖስ የለበሱ አባት ፍሬሙን ከሞሉት ግን ወደ መቀነስ ነው። እዚህ ላይ ሁሉም ግር ይለዋል። «ጥቁር ሆኖ ሳለ ጭራሽ ይቀነሳል?» አዎ፣ ካሜራው በራሱ አነጣጥቶታላ! በስልክ ለምታነሱም ያው ነው። በብዙ ስልኮች ላይ ፊቱን በጣት ነካ ስታደርጉ ትንሽ ፀሐይ ትመጣለች፤ እሷን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሳብ ነው።

አሁን የፎቶውን ብርሃን ወደሚወስኑት ሦስቱ፦ አፐርቸር፣ ሻተርና አይኤስኦ። አፐርቸር የሌንሱ ቀዳዳ ነው። ቁጥሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ኤፍ 1.8 ሰፊ፣ ኤፍ 16 ጠባብ። ሲሰፋ ከኋላ ያለው ይደበዝዛል፤ ሲጠብ ቅርቡም ሩቁም ይጠራል። ሻተር ብርሃኑ ለምን ያህል ጊዜ ይግባ የሚለው ነው። 1/125 ማለት ሰከንድ ለ125 ተካፍሎ አንዷ እጅ ናት። አይኤስኦ ግን ብርሃን አያስገባም። ጣቢያው የራቀበት ሬዲዮ ላይ ድምፅ እንደመጨመር ነው፤ ዘፈኑ ሲጎላ ጫጫታውም አብሮ ይጎላል።

እነዚህን በቃል ከመያዝ ውጭ ወጥቶ መሞከር ይሻላል። ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 16፣ ሻተር 1/125 አድርጉ። ፀሐይ ፊት ለፊት ያረፈበትን ነገር አንሱ፤ ልክ ይመጣል። የፊልም ዘመን ሰዎች የብርሃን መለኪያ በሌላቸው ጊዜ የሚሠሩት በዚህ ነበር። ቀጥሎ ኤፍ 11 በ1/250፣ ከዚያ ኤፍ 8 በ1/500 ድገሙት። ቀዳዳው በእጥፍ ሰፋ፣ ጊዜው በግማሽ አጠረ፤ ብርሃኑ ያው ነው። በሦስቱ ፎቶዎች ላይ ከኋላ ያለውን አስተያዩ። ከዚህ በኋላ ምርጫው የእናንተ ነው። የመንዝ ጓሳ ጭላዳ ዝንጀሮ ጎፈሩን ነፋስ ሲያነሳው 1/500ኛው ያስፈልጋችኋል፣ ሲሮጥ ከዚያም በላይ። እግረ መንገዴን፣ ጓሳ ስትሄዱ ትርፍ ባትሪውን የውስጥ ኪስ ውስጥ ያዙት። ብርዱ ቶሎ ይጨርሰዋል።

«ፎቶ አንሺ ከሆንክ ኤም ላይ (ሁሉንም ራስህ በምትመርጥበት) ነው የምትሠራው» የሚሉትን አትስሟቸው። ለጀማሪ ካኖን ላይ ኤቪ፣ ኒኮን ላይ ኤ የሚለው ይበቃል። ቀዳዳውን እናንተ ትመርጣላችሁ፣ ሻተሩን እሱ ይፈልጋል፣ መደመርና መቀነሱ በእጃችሁ ነው። እኔ ራሴ ሠርግ ላይ አብዛኛውን የምሠራው በዚህ ነው።

ቀን 6 ሰዓት ላይ ፊት ማንሳት ግን የትኛውም ቁጥር አያድነውም። ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ ደጋው ላይ ጥላው ስለት አለው፣ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ሰውየውን ማንቀሳቀስ ነው። «እማማ፣ ወደዚህ ግድግዳ ጥላ ጠጋ ይበሉልኝ» በሉ። የባሕር ዛፍ ጥላ አይሆንም፤ በቅጠሎቹ መሃል የሚሾልከው ብርሃን ፊታቸውን ዥንጉርጉር ያደርገዋል። የግድግዳ ጥላ ውስጥ ሆነው ፊታቸውን ወደ ክፍት ሰማዩ ያዙሩ። ከኤፍ 4፣ 1/125፣ አይኤስኦ 100 ጀምሩ። አንሥታችሁ ስታበቁ ስክሪኑ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ቦታ ካለ እዚያ ነጩ ተቃጥሏል ማለት ነው (ይህን ማሳያ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ አብሩት)። ጉንጫቸው አጠገብ ያለችው የነጠላ ጠርዝ ብቻ ከሆነች ተዉአት፣ ፊታቸው ይበልጣል። ጥለቱን ለሸማኔው ልታሳዩለት ከሆነ ግን ሁለት ሦስተኛ ደረጃ ቀንሱና ፊቱ ላይ ኋላ በኤዲት ብርሃን ጨምሩበት። የተቃጠለ ነጭ አይመለስም፤ የጨለመ ፊት ግን፣ በተለይ በሮው (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ፋይል) ካነሣችሁ፣ ብዙ ይመለሳል።

የመንዝ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ ነው፤ ብርሃን ያለው በሩ ላይ ነው። ቡና የምታፈላዋን ልጅ ረከቦቱን ይዛ ወደ በሩ ፊቷን እንድታዞር ጠይቋት። ኤፍ 1.8 ሌንስ ካላችሁ በ1/125 አይኤስኦ 1600 አካባቢ ይበቃል። ከካሜራው ጋር አብሮ በመጣው ሌንስ ከሆነ እስከ 6400 መውጣት ሊያስፈልግ ይችላል። ልጆቹ ይህን ቁጥር ሲያዩ ይደነግጡና ሻተሩን ወደ 1/15 ያወርዱታል። ተዉ! ፎቶው ላይ ደቃቅ ነጠብጣብ ቢወጣ በእጅ የተያዘ ህትመት ላይ ብዙም አይታይም። ልጅቷ ጀበናውን ስታነሳ በእንቅስቃሴው የደበዘዘ እጇን ግን ምንም ኤዲት አያስተካክለውም። አይኤስኦውን አውቶ ላይ አድርጉ፣ ጣሪያውን 6400፣ የሻተሩን ዝቅተኛ ወለል 1/125 ላይ ቁረጡለትና ዓይናችሁን ከቁጥሩ አንሥታችሁ ልጅቷን እዩ።