ለአሮጌ ትራክተር የሚመጥን አልተርኔተር እንዴት ይመረጣል?

ኮምቦልቻ ላይ ለአሮጌ ማሴ ፈርጉሰን ትራክተር አልተርኔተር (በሞተሩ እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውንና ባትሪ የሚሞላውን ዕቃ) የሚፈልግ ሰው፣ ከመኪና የተፈታና 65 አምፒር የሚያወጣ ቢቀርብለት ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ብቻ መግዛት የለበትም። መጠኑን የሚወስኑት ትራክተሩ የሚጠቀመው ኃይል፣ አልተርኔተሩን የሚያዞረው ቀበቶ ማለትም የቺንጋው አቅምና የሽቦው ውፍረት ናቸው።

በመጀመሪያ አብረው የሚበሩት አምፖሎች ዋት ተደምሮ ለ12 ቮልት ይካፈላል። ባለ 55 ዋት ሁለት የፊት መብራቶች፣ አንድ ባለ 55 ዋት የኋላ የሥራ መብራትና አራት ባለ 5 ዋት ትንንሽ መብራቶች በድምሩ 185 ዋት ስለሚሆኑ ከ15 አምፒር ጥቂት ከፍ ያለ ይፈልጋሉ። በዚህ ላይ ለባትሪው መሙያ የአቅሙ አንድ አስረኛ፣ ማለትም ለባለ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 10 አምፒር ይጨመራል። ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲዞር አልተርኔተሩ ሙሉ አቅሙን ስለማይሰጥ መጠባበቂያ ሲታከልበት 35 አምፒር ገደማ የሚያወጣው ይበቃል። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ የሚወስደው ከባትሪው ስለሆነ በስሌቱ አይገባም፤ ስለዚህ በደሴ የጠዋት ብርድ ለማስነሳት ለሚቸገር ትራክተር መፍትሔው ጤናማ ባትሪ እንጂ ትልቅ አልተርኔተር አይደለም።

ትልቅ አልተርኔተር አምፖል ያቃጥላል የሚለው ስጋት ትክክል አይደለም፤ የቮልት መቆጣጠሪያው (ሬጉሌተሩ) ቮልቱን እስከጠበቀ ድረስ መብራቶቹ የሚያስፈልጋቸውን ብቻ ይወስዳሉ። እውነተኛው ችግር የሚመጣው ባትሪው ባዶ ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ አልተርኔተሩ ያለውን ሁሉ ለመስጠት ስለሚሞክር ቀጭኑ ቺንጋ ይንሸራተታል፣ ከአልተርኔተር በፊት ለነበረው አነስተኛ ኃይል አመንጪ፣ ለዲናሞ ተብሎ የተዘረጋው አሮጌ ሽቦም ይግላል። የቺንጋው ጎን ሲያብረቀርቅና ቺንጋው በሚዞርበት ፑሊ ዙሪያ ጥቁር ዱቄት ሲታይ መንሸራተቱ ግልጽ ነው። በዳሽቦርዱ ላይ ያለው አምፒር መለኪያ እስከ 30 ብቻ የሚያነብ ከሆነ፣ የሚያልፍበት ኃይል ከዚያ በልጦ ሊያቃጥለው ይችላል። ስለዚህ ከአልተርኔተሩ ወደ ባትሪው የሚሄደውን ሽቦ ቢያንስ በ6 ካሬ ሚሊሜትር መተካት በእኔ እምነት ከአልተርኔተሩ ግዢ ተለይቶ መታየት የለበትም።

በዲናሞ ይሠሩ ከነበሩት አሮጌ ትራክተሮች ብዙዎቹ የባትሪው ፖዘቲቭ ከሻሲው (ከትራክተሩ የብረት አካል) ጋር የታሰረባቸው ናቸው፤ የተለመዱት አልተርኔተሮች ግን ኔጋቲቩ እንዲታሰር ይፈልጋሉ። ይህ ሳይረጋገጥና የባትሪው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ገመዶች ሳይቀያየሩ ከተገጠመ፣ በአልተርኔተሩ ውስጥ ኃይሉን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት ዳዮዶች ወዲያው ይቃጠላሉ።

ፑሊው አልተርኔተሩን ከሞተሩ ፍጥነት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ እንዲያዞረው ሆኖ መመረጥ፣ ከሌሎቹ ፑሊዎችም ጋር በአንድ መስመር መቆም አለበት። ከተገጠመ በኋላ መብራቶቹ ሁሉ በርተው ሞተሩ መካከለኛ ፍጥነት ላይ ሳለ በባትሪው ጫፎች የሚለካው ቮልት ከ13.8 እስከ 14.4 ከሆነ ምርጫው ልክ ነው፤ ከ13 በታች ከወረደ ግን አልተርኔተሩን ከመቀየር በፊት ቺንጋውና የሻሲው ማሰሪያ ይፈተሹ።