ስኬቲንግ ላይ እግር አልታዘዝ ሲል

ወሎ ውስጥ የበረዶ ሜዳ ባይኖረንም አስፋልት አለን። የጎማው ስኬቲንግ መሠረቱ ከበረዶው ጋር አንድ ነው። ጀማሪን የሚያስቸግሩት ነገሮችም ያው ናቸው።

ገና ሲጀመር እግር ግትር ይላል፣ ባት ይይዛል። ሰውነት ስላልሞቀ ነው። ደሴ ላይ የጠዋቱ የጦሳ ተራራ ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፤ ሰው ደግሞ ከቤት እንደወጣ የስኬቲንግ ጫማውን ያጠልቃል። መጀመሪያ በሸራ ጫማ 10 ደቂቃ አሟሙቁ። ሶምሶማ ሩጡ፤ ግድግዳ ይዛችሁ እግራችሁን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አወዛውዙ፤ ቁጭ ብድግ በሉ። ከዚያ ዘላችሁ በአንድ እግር እረፉና ጉልበት እንደታጠፈ እስከ ሦስት ቁጠሩ። ጡንቻን ወጥሮ ለረጅም ጊዜ መያዝ ከልምምድ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተሠራ አቅም ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ያላችሁም «እኛ ጋ ሙቀት ነው» ብላችሁ ማሟሟቁን እንዳትተዉት።

ቁርጭምጭሚት ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ሁሉም «እግሬ ደካማ ነው» ይላል። እኔ ቀድሜ የማየው የጫማውን ክር ነው። ተረከዛችሁን መሬት መታ መታ አድርጋችሁ ወደ ኋላ አስጠጉት። ክሩን ጣቶች አካባቢ ላላ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ አድርጉ። «ያድግበታል» ተብሎ ለልጅ ሰፍቶ የተገዛ ጫማ ከሆነ ግን ክርም አያድነው፤ ልኩን መግዛት ነው። ጎማውንም ገልብጣችሁ እዩ። በውስጥ በኩል ከተበላ የቀኙን ከግራው ቀያይሩና የተበላው ጎን ወደ ውጭ ይሁን።

ትገፋላችሁ፣ ግን አትሄዱም። እንደ እርምጃ ወደ ኋላ እየገፋችሁ ነው። በረዶ ላይም ጀማሪ በጫማው ብረት ጫፍ ላይ ባለው ጥርስ በረዶውን እየቧጠጠ የሚቀረው ለዚህ ነው። ወደ ጎን ግፉ።

ወደ ኋላ መውደቅ። ጉልበት ቀጥ ስላለ ነው። አጎንብሳችሁ ስታዩ ጉልበታችሁ የጫማውን ጫፍ ከሸፈነ ልክ ነው። እጃችሁን ወገብ ከፍታ ላይ ከፊት ያዙ፤ ከዚያ ጉልበታችሁ እንደታጠፈ ቀና ብላችሁ ወደ ፊት እዩ።

መቆም አለመቻል። ደሴ ላይ ትልቁ ጣጣ ይሄ ነው፤ ከተማው ራሱ ዳገትና ቁልቁለት ነዋ! ሜዳ ቦታ ላይ ሳትለምዱ ቁልቁለት አትንኩ። ተረከዙ ላይ ፍሬን ያለበትን እግር አስቀድሙ፣ ዝቅ በሉ፣ የዚያን እግር ጣት ቀና አድርጉ። ከሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ያማራችሁ ካላችሁ ግን ይቅርባችሁ፤ መንገዱ የአይሱዙ ነው።