ለአኳሪየም የሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ፦ በውሃ ግፊትና በፓምፕ ረገድ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዓሣ ወይም ኮራል የሚያረባ ሰው የሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ በሚመርጥበት ጊዜ በአብዛኛው የሚመዝነው የማጣሪያ ደረጃዎቹን ብዛትና የሜምብሬኑን (ውሃን አሳልፎ ጨውን የሚያስቀረውን ስስ ሽፋን) አቅም ነው። ሜምብሬን ግን ብቻውን ምንም አይሠራም፤ ጨው የያዘውን ውሃ ከአንድ ወገን የሚገፋ ግፊት ከሌለ ንጹሕ ውሃ ወደ ሌላው ወገን አያልፍም። ስለዚህ የሚመረተው ውሃ ሲያንስ ወይም ቲዲኤሱ (በውሃው ውስጥ የሟሟው ጨውና ማዕድን መጠን) ሲጨምር በቅድሚያ መመርመር ያለበት ሜምብሬኑ ላይ የሚደርሰው ግፊት ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስህተቶች ሁሉ ይህን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

ግፊቱን ሳይለኩ መሣሪያውን መውቀስ

በሜምብሬኑ ላይ የተጻፈው የምርት መጠን ቅድመ ሁኔታ አለው። አብዛኞቹ የቤት ሜምብሬኖች የሚለኩት በ50 ወይም በ60 ፒኤስአይ ግፊት፣ ማለትም በ3.4 ወይም በ4.1 ባር፣ እና በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የውሃ ሙቀት ነው። በ60 ፒኤስአይ በቀን 75 ጋሎን ወይም 284 ሊትር ያህል እንዲያመርት የተሠራ ሜምብሬን 30 ፒኤስአይ ብቻ ከደረሰው የሚያመርተው ግማሹን እንኳ አይሞላም። ምክንያቱም በውሃው ውስጥ የሟሟው ጨው ራሱ የሚቃወም ግፊት አለው፤ በግምት ለእያንዳንዱ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 100 እጅ) ቲዲኤስ 1 ፒኤስአይ ያህል ከሚገፋው ግፊት ላይ ይቀነሳል።

ከመጠኑ ይልቅ ብዙዎች የማያስተውሉት የጥራቱን መውረድ ነው። በሜምብሬኑ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ በግፊት መጠን ይጨምራል፤ ሾልኮ የሚያልፈው ጨው ግን የሚወሰነው በዋናነት በሁለቱ ወገኖች የጨው ልዩነት እንጂ በግፊቱ አይደለም። ግፊት ሲቀንስ ውሃው ያንሳል፣ ጨው ግን እንደ ወትሮው ማለፉን ይቀጥላል፤ ስለዚህ የሚወጣው ጥቂት ውሃ የበለጠ ጨዋማ ይሆናል። 300 ፒፒኤም ያለውን ውሃ 98 በመቶ የሚያጣራ ሜምብሬን 6 ፒፒኤም ይሰጣል፤ የማጣራት አቅሙ ወደ 95 በመቶ ከወረደ ደግሞ 15 ፒፒኤም ይወጣል። ከበስተኋላው ዲአዮናይዜሽን ሬዚን (የተረፈውን ጨው የሚይዝ የማጣሪያ ቅንጣት) ያደረገ ሰው ሬዚኑ በሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ፍጥነት ያልቅበታል ማለት ነው። ለሬዚኑ ተደጋጋሚ ወጪ ከማውጣት በፊት የግፊት መለኪያ ማስገባት ይቀድማል።

መለኪያውን በተሳሳተ ቦታ መትከል

መለኪያው መቀመጥ ያለበት ከደለልና ከከሰል ማጣሪያዎቹ በኋላ፣ ከሜምብሬኑ በፊት ነው። ከማጣሪያዎቹ በፊት የተተከለ መለኪያ የሚናገረው በቤቱ ቧንቧ ስላለው ግፊት ነው፤ የደለል ማጣሪያው ተደፍኖ ከግፊቱ ግማሹን ቢወስድ መለኪያው ምንም አያሳይም። እኔ ራሴ በዚህ ምክንያት ደኅና የነበረ ሜምብሬን አውጥቼ በአዲስ ከቀየርኩ በኋላ ችግሩ እንዳለ ቀጥሎ፣ መጨረሻ ላይ ጥፋቱ በደለል የተሞላ ማጣሪያ ሆኖ ተገኝቷል። ማጣሪያዎቹ አዲስ ሲሆኑ የታየውን ንባብ መዝግበው ቢይዙ ከጥቂት ወራት በኋላ የሚታየው ቅናሽ የመቀየሪያውን ጊዜ ይነግርዎታል። ንባቡ መወሰድ ያለበት ደግሞ ውሃው እየፈሰሰ ሳለ ነው፤ ፍሰቱ ቆሞ የሚታይ ግፊት ሁልጊዜ ከእውነተኛው የሥራ ግፊት ይበልጣል።

ቀዝቃዛ ውሃን እንደ ግፊት ማነስ መቁጠር

ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በታች በ1 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ምርቱ በ3 በመቶ ገደማ ይወርዳል። መለኪያው 60 ፒኤስአይ እያሳየ በብርድ ወራት ምርቱ ቢያንስ ፓምፕ መጨመር የግድ አይደለም። ሙቅ ውሃ መቀላቀል ደግሞ ሜምብሬኑን ይጎዳል፤ አብዛኞቹ የቤት ሜምብሬኖች ከ45 ዲግሪ በላይ አይፈቀድላቸውም።

ሌላ ዓይነት ፓምፕን ለግፊት ማሳደጊያ መውሰድ

በአኳሪየም ውስጥ ውሃ የሚያዘዋውር ጠላቂ ፓምፕ በሰዓት ሺህ ሊትር ቢያንቀሳቅስም ውሃን የሚያነሣው አንድ ወይም ሁለት ሜትር ያህል ብቻ ሊሆን ይችላል። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ወይም 14 ፒኤስአይ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ፓምፕ ለሜምብሬን የሚያደርሰው ግፊት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከጣሪያ በላይ ባለ ታንከር ብቻ የሚተማመን ሰውም ይህንኑ ስሌት ቢሠራ መልሱን ያገኛል። የሚያስፈልገው ለዚሁ ሥራ የተሠራ፣ በአብዛኛው በ24 ቮልት የሚሠራ የዲያፍራም (በሚለጠጥ ሽፋን ውሃን የሚገፋ) ፓምፕ ነው።

ፐርሚየት ፓምፕ የሚባለውም ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም። እሱ ያለ ኤሌክትሪክ፣ በሚፈሰው ቆሻሻ ውሃ (ሜምብሬኑን ሳያልፍ በቀረው ጨው የበዛበት ውሃ) ኃይል የሚሠራ ሲሆን ዋና ጥቅሙ ንጹሑን ውሃ ግፊት ወዳለው ማጠራቀሚያ ታንክ ማስገባት ነው። ከዋናው መስመር የሚመጣውን ደካማ ግፊት አያሳድግም፤ ውሃውን ክፍት በርሜል ውስጥ ለሚያጠራቅም የአኳሪየም ባለቤት የሚሰጠው ጥቅምም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ፓምፑን ያለ መቆጣጠሪያ ማስገባት

በጣም የሚያሳስበኝ ስህተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ውጤቱ የተቃጠለ ፓምፕ ወይም ሌሊቱን ሙሉ የፈሰሰ ውሃ ነው። ፓምፑ ውሃ በተቋረጠ ጊዜ ባዶውን እንዳይዞር በመግቢያው በኩል ዝቅተኛ ግፊትን የሚያይ ማብሪያ ማጥፊያ ያስፈልገዋል። በንጹሕ ውሃው መስመር ላይ ደግሞ ማጠራቀሚያው ሲሞላና መስመሩ ሲዘጋ ፓምፑን የሚያጠፋ የከፍተኛ ግፊት ማብሪያ ማጥፊያ ሊኖር ይገባል። ማጠራቀሚያው ሲሞላ ገቢውን ውሃ በራሱ የሚዘጋው ቫልቭ ብቻውን ይህን አይተካም፤ ቫልቩ ተዘግቶ ፓምፑ መሥራቱን ከቀጠለ፣ ፓምፑ ከቫልቩ በፊት ቢሆን በተዘጋ መንገድ ላይ ይገፋል፣ ከቫልቩ በኋላ ቢሆን ደግሞ ያለ ውሃ ይዞራል። በተቃራኒው የፓምፑ መጥፋት ብቻውን ፍሰቱን አያቆምም፤ የቧንቧው ግፊት በቆመው ፓምፕ ውስጥ አልፎ ወደ ቆሻሻ መስመሩ መፍሰሱን ስለሚቀጥል ወይ ያ ቫልቭ ወይ ከፓምፑ ጋር አብሮ የሚከፈትና የሚዘጋ የኤሌክትሪክ ቫልቭ የግድ ነው።

ፓምፑ ውሃ ከየት እንደሚያገኝም ይታሰብበት። ግማሽ የተደፈነ ማጣሪያ፣ ቧንቧን በመርፌ የሚበሳ ጠባብ ማገናኛ ወይም በጣም ረጅምና ቀጭን ቱቦ ፓምፑን ያስርበዋል፤ የተራበ ፓምፕ በድምፁ ይታወቃል፣ ግፊቱም ከፍ ዝቅ ይላል።

ፍሰት ገዳቢውን መርሳት

ግፊት የሚፈጠረው በፓምፕ ብቻ አይደለም፤ በቆሻሻ ውሃው መስመር ላይ ያለው ትንሽ ፍሰት ገዳቢ ውሃው በነጻ እንዳይወጣ ስለሚያደርግ ነው ሜምብሬኑ ውስጥ ግፊት የሚቆየው። ገዳቢው ከወጣ ወይም ከሰፋ አብዛኛው ውሃ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል፤ ከጠበበ ወይም ከተደፈነ ደግሞ ጨውና ካልሲየም በሜምብሬኑ ላይ ይጋገራል። በ75 ጋሎን ሜምብሬን ምትክ የ150 ጋሎን አስገብቶ የድሮውን ገዳቢ መተው ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው፤ ቀድሞ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 4 ሊትር ይፈስ የነበረው አሁን ወደ 2 ሊትር ይወርዳል። ፓምፕ ከተጨመረም በኋላ ሁለቱን ውሃዎች ለ1 ደቂቃ በመለኪያ ዕቃ ተቀብሎ ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ ግፊት ሲያድግ በገዳቢው የሚያልፈውም ስለሚጨምር ጥምርታው ይለወጣል።

ግፊት በበዛ ቁጥር ይሻላል ማለት

ከ60 እስከ 80 ፒኤስአይ ለቤት መሣሪያ ምቹ ነው። ከዚያ በላይ መሄድ የቱቦ ማገናኛዎችንና የማጣሪያ ቤቶችን ያስጨንቃል፤ የቧንቧ ግፊትም ሌሊት ተጠቃሚ ሲቀንስ ከፍ ሊል ስለሚችል በቀን የተስተካከለ ፓምፕ ሌሊት ከሚገባው በላይ ሊገፋ ይችላል። ግፊቱ የሚዋዥቅ ከሆነ ከመሣሪያው በፊት የግፊት መቀነሻ ማስገባት ተገቢ ነው።

በንጹሑ ውሃ ወገን የሚፈጠረውን ተቃራኒ ግፊት አለማሰብ

ለመጠጥ ውሃ የሚሠራው ግፊት ያለው ታንክ እየሞላ ሲሄድ መልሶ ሜምብሬኑን ይገፋል፤ ያም ግፊት ከሚገፋው ግፊት ላይ ተቀንሶ ምርቱንም ጥራቱንም ያወርዳል። ለአኳሪየም ክፍት በርሜል ይበልጣል። በርሜሉን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ቫልቭ ግን ውሃው በትንሹ ዝቅ ባለ ቁጥር የሚከፈትና የሚዘጋ ከሆነ ሌላ ችግር ያመጣል፦ መሣሪያው በተነሣ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውሃ ከፍ ያለ ቲዲኤስ ስላለው፣ በተደጋጋሚ መነሣት በርሜሉን በዚያው ውሃ ይሞላዋል። በየጊዜው ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ ማምረት ይመረጣል።

በራሱ የሚዘጋው ቫልቭ የሚዘጋው የንጹሑ ውሃ መስመር ግፊት ከገቢው ግፊት ሁለት ሦስተኛ ያህል ሲደርስ ሲሆን፣ ይህንን ግፊት የሚይዝለት በሜምብሬኑ መውጫ ላይ ያለው ቼክ ቫልቭ (ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ) ነው። ለመፈተን የንጹሑን ውሃ መስመር ዘግተው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ የቆሻሻው ውሃ ፈጽሞ መቆም አለበት። መንጠባጠቡን ከቀጠለ ቼክ ቫልቩ፣ የመዝጊያው ቫልቭ ጎማ ወይም ገቢው ግፊት ይመርመር፤ ከ40 ፒኤስአይ በታች ባለ ግፊት ደኅና የሆነ ቫልቭ እንኳ ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል።